ስለ ብር ዝም ብንልም ሕጉ ዝም አይልም

ጎረቤት ልጁን ሲድር ስንት እንዳወጣ እናውቃለን። የእከሌ መኪና በስንት እንደተገዛች፣ ከላይ ያለው ኮንዶሚኒየም በስንት እንደተከራየ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የባሏን የተጣራ ደመወዝ የማታውቅ ሚስት፣ የሚስቱን የማያውቅ ባል ግን ሞልቷል። አባት ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ልጆች የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ለቅሶ ቤት ነው። አበዳሪው መጥቶ ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ከዚያ "አሁን ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን…" ብሎ ይጀምራል።

ዝምታው ከክፋት አይመጣም። ብር ማንሳት ስስት ያስመስላል። ሚስት ደመወዝ ከጠየቀች "አላመነችኝም" ይባላል። ልጅ ስለ ቤቱ ካርታ ካነሳ የአባቱን ሞት የሚጠብቅ ይመስላል። ስለዚህ ሁሉም "እግዜር ያውቃል" ብሎ ያልፈዋል።

ዝም ስለተባለ ግን ነገሩ ሳይወሰን አይቆይም። ሌላ ይወስንላችኋል። ትዳር ውስጥ የቤተሰብ ሕጉ፣ ሞት ሲመጣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በመካከሉ ደግሞ ገበያው። ሕግ አውጪው "ባልና ሚስት ካልተስማሙ፣ ሟች ካልተናዘዘ ምን ይሁን?" የሚለውን አስቀድሞ ጽፎ አስቀምጦታል። አብዛኞቻችን የጻፈውን አላየነውም። ያየነው ዕለት ደግሞ "እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ" እንላለን።

ከዚህ በታች የቤተሰብ ሕግ ስል የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ማለቴ ነው። የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ዋና ዋናው ይመሳሰላል፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የክልላችሁን ማየት ነው።

የኔ፣ ያንተ፣ የኛ

ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ ንብረት የግላችሁ ነው። ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዳችሁ ብቻ የመጣ ነገር የግል ነው። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ትዳር ውስጥ ሆናችሁ በሥራ የምታገኙት ገቢ የጋራ ነው። ደመወዙም፣ የሱቁ ትርፍም፣ ኮሚሽኑም። በማን አካውንት እንደገባ ለውጥ የለውም። ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢም የጋራ ነው። አንዲት ሴት ከማግባቷ በፊት በራሷ ብር ስቱዲዮ ቤት ገዝታ ከነበረ ስቱዲዮው የእሷ ነው። ኪራዩ ግን ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ የሁለቱ ነው። "ቤቱ የኔ ነው፣ ኪራዩም የኔ ነው" የሚል ክርክር ፍርድ ቤት አይዘልቅም።

ሌላም አለ። ማንኛውም ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የማስረዳት ሸክሙ ያለው "የግሌ ነው" በሚለው ላይ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ40/60 ቤት የተመዘገበው ባል ነው እንበል። ደብተሩም ውሉም በሱ ስም ነው። ቁጠባው ግን ትዳር ውስጥ እያሉ ከወር ደመወዝ ሲከፈል የኖረ ነው። ቤቱ የሁለቱ ነው። ሚስት ስሟ ካርታው ላይ የለም ብላ መደንገጥ የለባትም፣ ባልም ስሜ አለ ብሎ መኩራራት የለበትም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ። አንዱ ሲያገባ ቪትዝ መኪና ነበረችው። የግሉ ናት። ካገባ በኋላ ሸጣትና በብሩ ቦታ ገዛ። ቦታው የማን ነው? "የመኪናዬ ብር ስለሆነ የኔ" ይላል። ሕጉ ግን በግል ንብረት ሽያጭ ወይም ልውውጥ የተገኘ ነገር የግል ሆኖ እንዲቀጥል ፍርድ ቤት ቀርቦ "የግል ነው" ተብሎ እንዲወሰን መጠየቅን ይፈልጋል። ካልተጠየቀ ወደ ጋራው ይገባል። እስቲ መኪና ሸጦ ፍርድ ቤት የሚሄድ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

ይሄ ሁሉ ተዋዋዮቹ ዝም ሲሉ የሚሠራ ሕግ ነው። ሌላ የሚፈልግ ሰው የጋብቻ ውል መዋዋል ይችላል። ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ቀን፣ በጽሑፍ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይደረጋል፤ ሁለቱ በሱ በኩል ሁለቱ በሷ በኩል። የኛ ሰው ይሄን ሲሰማ "ገና ሳይጋቡ ፍቺ ያስባሉ" ይላል። እኔ እንደዛ አላየውም። ከሠርግ በፊት ስለ ዲኮርና ስለ ቪዲዮ ቀረጻ ስድስት ወር የሚጨቃጨቁ ጥንዶች ስለ ቤት ባለቤትነት አንድ ሰዓት ቢያወሩ ምንም አይሆኑም። ከጋብቻ በኋላ ቤት ውስጥ ተፈራርሞ ወረቀቱን ቁምሳጥን ውስጥ መክተት ግን ዋጋ የለውም። ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

"እኛ አልተፈራረምንም፣ ዝም ብለን አብረን ነው የምንኖረው" የምትሉም አላችሁ። እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖራችሁ በዚያ ጊዜ ያፈራችሁት ንብረት የጋራ ይሆናል።

አምስት መቶ ብር

የቤተሰብ ሕጉ ውስጥ በጣም የሚያስቀኝ ቁጥር ይሄ ነው። ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ከ100 ብር በላይ የጋራ ገንዘብ በስጦታ ለመስጠትም እንዲሁ። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና ማስያዝ ብቻ ሳይሆን ማከራየትም የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ሕጉ ሲወጣ ዶላር 8 ብር ገደማ ነበር፤ ያኔ 500 ብር የብዙ ሰው የወር ደመወዝ ነው። ዛሬ 500 ብር የአንድ ቀን አስቤዛ አይሞላም። ቁጥሩ ግን እንዳለ አለ። በዚህ ልክ ከሄድን ምሳ የሚጋብዝ ሰው ሁሉ ሕግ እየጣሰ ነው። ቁጥሩ ቢያረጅም ሐሳቡ ግን አላረጀም፤ ዕዳና ዋስትና የሁለት ሰው ጉዳይ ነው።

ያልፈቀደው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ግን አጭር ነው። ካወቀበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፤ ባያውቅ እንኳ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አይቻልም። "ሽማግሌ ልኬ ልየው" እየተባለ ስድስት ወር በዋዛ ያልፋል።

ከዚህ ጎን አንድ ሌላ ድንጋጌ አለ። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ሁለቱንም ያስጠይቃል፤ ከጋራ ንብረት ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ የግል ንብረትም ሊከፈል ይችላል። ለቤት ኪራይ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለሕክምና የተበደራችሁት እዚህ ውስጥ ይገባል። "እኔ አልፈረምኩም" አያድንም።

በዚህ ላይ ስልኩ መጣ። ድሮ ብድር ሲወሰድ ቢያንስ አንድ ሰው ያያል፣ ዋስ ይጠራል፣ ወረቀት ቤት ይገባል። አሁን ቴሌብር ላይ "መላ" ወይም "እንደኪሴ" የሚባለውን ብድር ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት ነው። ሲቸግር ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ዕዳው የሚኖረው በሚስጥር ቁጥር የተቆለፈ ስልክ ውስጥ ነው። አጠገባችሁ የተኛው ሰው በየወሩ ከደመወዛችሁ ላይ ምን ለዕዳ እየሄደ እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያየው ደመወዛችሁ ማነሱን ብቻ ነው።

ስለ ዋስትና ትንሽ ልቆይ። ከብድር ይልቅ ቤት ሲያፈርስ ያየሁት እሱ ስለሆነ። የአክስት ልጅ ባንክ ወይም ሱቅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ይቀጠራል፤ "ዋስ አምጣ" ይሉታል። ከመሥሪያ ቤትህ የደመወዝ መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ታወጣለህ፣ ትፈርማለህ፣ ትረሳዋለህ። ብር ስላልወጣ ወጪ አይመስልም። ስለዚህ ለሚስትም አይነገርም። ከዓመታት በኋላ ልጁ አጉድሎ ሲሰወር ደብዳቤው የሚመጣው ለአንተ ነው። እቁብም ላይ እንደዚሁ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው መክፈል ካቆመ ዳኛው የሚፈልገው ዋሱን ነው።

ስለዚህ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ገንዘብ ሲቀመጡ "ስንት አለህ?" ብለው ባይጀምሩ ይሻላል። "ለማን ዋስ ሆነሃል? ለማን አበድረሃል? የማን ዕዳ አለብህ?" የሚለው ይቅደም። ያለውን መናገር ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ያለበትን መናገር ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ግን አደጋው ያለው እዚያ ነው።

የተደበቀ ደብተር

ሕጉ እያንዳንዱ ሰው ደመወዙን በራሱ ስም ተቀብሎ በራሱ አካውንት እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። ሁለቱ አንድ አካውንት መክፈት አለባቸው የሚል ነገር የለም። ሌላኛው ሲጠይቅ ግን ስለ ገቢ መግለጽ ተገቢ ነው። አካውንት መለየትና መደበቅ የተለያዩ ናቸው።

ብዙ ሴቶች ለክፉ ቀን ብለው የሚደብቁት ብር አለ። እናቶቻችንም ነበራቸው፤ መቀነት ውስጥ፣ ዱቄት ዕቃ ውስጥ። አልፈርድባቸውም። ባል ሁሉን በሚያዝበት፣ አንዳንዴም በሚደበድብበት ቤት ያ ብር የመውጫ በር ነው። ሰላም ባለበት ቤት ግን መደበቁ ብዙም አይጠቅምም፤ የተደበቀውም ቢሆን በሕግ ፊት የጋራ ነው። የተሻለው ለእያንዳንዱ ሰው የማይጠየቅበት ብር መመደብ ነው። በወር 1,000 ይሁን 3,000 እንደ አቅም። በሱ ጫት ቃመበት፣ ፀጉሯን ተሠራችበት፣ ማንም አይጠይቅ። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ይሞታል።

ወር የማይደርሰው ለምንድን ነው?

ስለ ወር ባጀት ብዙ ስለተባለ እኔ አንዱን ብቻ ላሳይ።

ባልና ሚስት ተደምሮ 38,000 ብር ወደ ቤት ይገባል እንበል። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ታክሲ፣ መብራትና ውሃ፣ የልጅ ወርሃዊ ክፍያ፣ የስልክ ካርድ፣ እድር ተደምሮ 32,000 ይወጣል። በወር 6,000 ሊተርፍ ይገባል። ግን አይተርፍም። "ብሩ የት ነው የሚሄደው?" ይባላል፣ አንዱ ሌላውን ይጠረጥራል።

አሁን በየወሩ የማይመጣውን እንደምር። መስከረም ላይ ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም 24,000። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ በዶሮውም በበጉም በቅቤውም በአማካይ 14,000፣ ሦስቱ 42,000። (ለሙስሊሙ ቤት ረመዳን፣ ኢድ አልፈጥርና አረፋን ቁጠሩ።) ሠርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ፣ ጥየቃ በዓመት 18,000። ሕክምና 12,000። ድምሩ 96,000 ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 8,000 ብር።

እንግዲህ ይሄ ቤት በወር 6,000 የሚተርፈው ቤት አይደለም። 2,000 የሚጎድለው ቤት ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላባከነም። ፋሲካ በየዓመቱ ይመጣል፤ እኛ ግን በየዓመቱ ድንገት እንደመጣ እንግዳ እንደነግጥለታለን። ይሄን ድምር አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ያዩ ጥንዶች ከዚያ በኋላ የሚያወሩት ስለ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያወሩት ስለ ጠባይ ነበር።

እቁብና የሚሸሽ ዋጋ

እቁብን የሚንቁ አሉ፤ "ወለድ የለውም" ይላሉ። ልክ ነው የለውም። ግን ባንክ ሄዶ በራሱ ፈቃድ በየወሩ 5,000 የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት ነው። እቁብ ላይ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ይሉኝታ አለ። በዚህ የተነሳ ብሩ በእርግጥ ይጠራቀማል።

ዋናው ጥያቄ መቼ ይደርሳችኋል የሚለው ነው። 20 ሰው በወር 5,000 የሚጥልበት እቁብ 100,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው 100,000 ብሩን በዛሬ ዋጋ ይገዛበታል። ዋጋ በዓመት በ15 ከመቶ እየተወደደ ከሄደ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው በ100,000 የሚገዛው ዛሬ 80,000 ገደማ የሚያወጣውን ዕቃ ነው። ሁለቱም እኩል ጥለው እኩል አልወሰዱም። ስለዚህ ለሱቅ ዕቃ ወይም ለማሽን የምትፈልጉት ከሆነ ቀድሞ ለመውሰድ ተነጋገሩ፣ ዕጣ ገዝታችሁም ቢሆን። ለቁጠባ ብቻ ከሆነ ዘግይቶ መውሰድ ዋጋ እንዳለው አውቃችሁ ግቡ።

የባንክ ቁጠባም ከዚህ አያመልጥም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። ቤቱን ሳይገዛ "ትንሽ ልጠብቅ" ብሎ ባንክ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው ያውቀዋል። ይሄ ማለት ባንክ አታስቀምጡ ማለት አይደለም። ለሦስት ወር የሚበቃ የቤት ወጪ በፈለጋችሁት ሰዓት የምታወጡት ቦታ መቀመጥ አለበት፣ ቢከስርም። ከዚያ በላይ ያለው ግን ለዓመታት ዝም ብሎ ሲቀመጥ "ቆጥቤያለሁ" ተብሎ ባይታለፍ ጥሩ ነው። እዚህ ላይም ውሳኔው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ወርቅ፣ ሌላው አክሲዮን፣ ሌላው "ቆርቆሮ ቤትም ቢሆን ቦታ" ይላል፤ በጋራ ያልተወሰነው ደግሞ ባንክ ቁጭ ብሎ ይቀልጣል።

ለዘመድ የሚላከው

ይሄ ነው እሾሁ። ባል ለእናቱ ይልካል፣ ሚስት አታውቅም። ሚስት ለእህቷ ትልካለች፣ ባል አያውቅም። ሁለቱም "ቤተሰቤን እንዴት ልተው?" ይላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሕጉ እዚህ ላይ ከምናስበው በላይ ወደ ባህላችን ይጠጋል። ወላጅ ለልጅ፣ ልጅ ለወላጅ፣ ወንድምና እህት እርስ በርስ ሲቸገሩ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። አማትና ምራትም ውስጥ አሉበት። ስለዚህ ለእናቱ መድኃኒት የተበደረ ሰው ዕዳው "የግሉ ጣጣ" አይደለም፤ የቀለብ ግዴታን ለመወጣት የተገባ ዕዳ ለቤተሰቡ ጥቅም እንደተገባ ይቆጠራል። ለአጎት ልጅ ሠርግ ሱፍ የተላከው ግን ስጦታ ነው። ያቺ የ100 ብሯ ሕግ የምትነካው ይሄንን ነው።

መፍትሔው መላኩን ማቆም አይደለም። ባጀቱ ላይ እንደ ኪራይ አንድ መስመር መስጠት ነው። "ለወላጆች በወር 4,000፣ ለሌላ ዘመድ በዓመት 15,000" ተብሎ ሁለቱ ከተስማሙ ከገጠር ስልክ ሲደወል መልሱ ቀላል ይሆናል። "ዘንድሮ የመደብነው አልቋል" ማለት ከ"የለኝም" ውሸት ይሻላል፤ ደግሞም እውነት ነው።

ውጭ ያሉት ነገር የባሰ ነው። ጅዳ ወይም ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለዓመታት ትልካለች። ተቀባዩ አባት ወይም ወንድም ነው። እሷ "ቤት እየተሠራልኝ ነው" ብላ ታስባለች፣ እነሱ "የላከችልን ነው" ብለው ያስባሉ። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልጠየቀም እንጂ። ስትመለስ ብሩ ለወንድሟ ባጃጅ፣ ለአባቷ በሬ፣ ለቤቱ ጣሪያ ሆኗል፤ ካርታውም በሌላ ሰው ስም ነው። ከዋሽንግተን ሆኖ ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ ቤት የሚያስገነባውም ከዚህ አያመልጥም። የሚላከውን ከመጀመሪያው ለሁለት መክፈል ነው ያለው። ለቤተሰብ የሚበላው ለቤተሰብ፣ የራሷ ደግሞ በራሷ ስም በተከፈተ አካውንት፣ ለሰው ሳያስነኩ። "ከምልከው 10,000 ስድስቱ የእናንተ ነው፣ አራቱ የኔ ነው" ብሎ በስልክ መናገር ቀዝቃዛ ይመስላል። ከስድስት ዓመት በኋላ በሽማግሌ ከመጣላት ግን ይሞቃል።

ሞት ሲመጣ

አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ የተማሩ ሰዎችን ጠይቁ፤ "ባል ሲሞት ማን ይወርሳል?" አብዛኛው "ሚስትና ልጆች" ይላል። ስህተት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት የባሏ፣ ባልም የሚስቱ ሕጋዊ ወራሽ አይደሉም።

እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። 6 ሚሊዮን የሚያወጣ የጋራ ቤት አለ። ባል ሳይናዘዝ ሞተ። መጀመሪያ የጋራው ለሁለት ይከፈላል፤ 3 ሚሊዮኑ የሚስት ነው። ይሄ ውርስ አይደለም፣ ድሮም የእሷ ነበር። የቀረው 3 ሚሊዮን ለልጆቹ እኩል ይካፈላል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ካለ እሱም እኩል ይወስዳል። ልጅ ከሌላቸውስ? 3 ሚሊዮኑ ለሟቹ እናትና አባት ነው። ሚስት የምትኖርበትን ቤት ግማሽ ከአማቶቿ ጋር ትጋራለች ማለት ነው። ደግ አማት ካሏት ተመስገን ነው። ካልሆነ ቤቱ ይሸጣል።

ይሄን የሚቀይረው ኑዛዜ ብቻ ነው። ኑዛዜ ደግሞ ፎርም አለው። አንደኛው በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎ፣ ተነብቦ፣ ቀን ተጽፎበት በሁሉም የሚፈረም ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም በሥራው ላይ ያለ የሰነድ ሹም ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። ሌላው ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ኑዛዜ መሆኑን ይገልጻል፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኖረዋል። ልጅን ከውርስ ሙሉ በሙሉ መንቀል የፈለገ ሰው ምክንያቱን እዚያው መጻፍ አለበት።

ሁለት ነገር በተለይ ልብ በሉ። ባልና ሚስት በፍቅር ተቀምጠው "ማናችንም ቀድመን ብንሞት…" ብለው አንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚናዘዙት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ወረቀት። ሁለተኛው፣ ለነፍስ አባት ወይም ለጎረቤት በቃል የተነገረው ነው። የቃል ኑዛዜ ሕጉ ያውቀዋል፤ በሁለት ምስክሮች ፊት ይሆናል። ግን ስለ ቀብር፣ ስለ ልጅ አሳዳሪነት እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤት በቃል አይተላለፍም። አባታችን "ይቺን ቤት ለትንሿ" ብለው አልጋ ላይ የተናገሩት ቃል፣ አሥር ሰው ቢሰማውም፣ ቤቱን አያስተላልፍም።

ውክልናም እንዲሁ። "ውክልና ሰጥቶኛል" የሚል ሰው ወካዩ በሞተ ሰዓት ሥልጣኑ ያበቃል። የሟችን ኤቲኤም ካርድ ይዞ ማሽን ላይ መቆምም ወራሽ አያደርግም፤ እንዲያውም በኋላ ወንድምና እህት ሲካሰሱ የመጀመሪያው ማስረጃ ከማሽኑ የሚወጣው ወረቀት ነው።

ታዲያ ይሄን ለአባት እንዴት ያነሱታል? በቀጥታ "ይናዘዙ" ብሎ መጀመር አይሆንም። መግቢያው ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ቤት ነው። ከእድር ስትመለሱ፣ የእነ እከሌ ልጆች ስለተካሰሱበት ቤት ወሬ ሲነሳ፣ "አባባ፣ የኛ ካርታ እኮ የት እንዳለ አላውቅም። ኮፒው እኔም ጋ ቢቀመጥ ምን ይመስልዎታል?" ማለት ይበቃል። ካርታ ከታየ የግብር ደረሰኝ ይታያል፣ ከዚያ የባንክ ደብተር፣ ከዚያ ማን እንዳበደራቸው። ጉዳዩን የሚያነሳው ልጅ ውጭ ያለው ወይም ሀብታሙ ባይሆን ይመረጣል። ታላቂቱ ወይም ታላቁ፣ ካልተቻለም የሚያከብሩት የእድር ጸሐፊ። እናት ካሉ ደግሞ ለእናት ተብሎ ይነሳ፦ "አባባ፣ እርስዎ ባይኖሩ እማማ የዚህ ቤት ወራሽ አይደሉም እኮ፣ ያውቃሉ?" ብዙ አባቶች ይሄን ሲሰሙ ነው ቀና ብለው የሚቀመጡት።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፦ ጡረታ። እዚህ ላይ ሚስትና ባል ይቀድማሉ። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 ከመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 ከመቶ ይጨምራል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ከሞተ ሊያገኝ ይችል ከነበረው አበል ግማሹ ለሚስቱ ወይም ለባሏ ይከፈላል፤ 18 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 20 ከመቶ። ለዚህ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሥራ የተቀጠረው ላጤ ሆኖ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍል ያለው ፋይሉ ላይ ዛሬም የተጻፈው የእናቱ ስም ነው። ሄዶ ማስተካከል ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው።